በፕላስቲኮቹ ላይ ባዶ የተውኩት ቦታ

ሰሞኑን ለልጅ ልጄ ደብተር ልገዛ አራዳ ወርጄ ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆቹ ይጨናነቃሉ። እኔ የምገዛው ከሐጂ ኑሩ ልጅ ሱቅ ነው፤ አባቱም እዚያው ቦታ ላይ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ልጁ የመጽሐፍ መሸፈኛ ፕላስቲክ ከጥቅሉ ስቦ በመቀስ ሲቆርጥ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ። ሌላውን ሰው የአደስ ወይም የእርጥብ አፈር ሽታ ወደ ኋላ ይወስደው ይሆናል፤ እኔን የሚወስደኝ ይሄ ነው። ቆሜ ቀረሁ። «እማማ አስካለ፣ ደከመዎት እንዴ? ወንበር ላምጣልዎት?» አለኝ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ቁረጥ» አልኩት። ደብተሩን ይዤ ወጣሁና ሚኒባስ ሳልሳፈር በእግሬ ወደ ቤት አዘገምኩ፤ የማስበው ነገር ነበረኝ።

የደርግ ዘመን ነበር። ዓመቱን ልናገር ብል እሳሳታለሁ። ጎንደር ያኔ እንዲህ አልሰፋችም። ዛሬ ተማሪና ኪራይ ቤት የሞላው የማራኪ ሰፈር ያኔ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነበር። ፒያሳ ጥጉ ላይ ካለችው ሻይ ቤት በስሙኒ ሻይ ከነቦምቦሊኖው ይገኛል። ስኳርና ሳሙና ግን በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ነው። ወጣቶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው በጃንተከል ዋርካ በኩል ሲያልፉ መንገዱን በሱሪያቸው ይጠርጉታል እያልን እንስቅ ነበር፤ ቆይቶ ካኪ መጣና ሁሉም አንድ መሰለ። ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት የሰልፍ መዝሙር ያሰማል። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ሲሰለቸው የክራር ዘፈን ይለቃል፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ሁሉ እርምጃው ይቀንሳል። እኔ ጥቁር የጀርሲ ሹራብና ከጉልበት ዝቅ ያለ ጉርድ ቀሚስ እለብስ ነበር። ነጠላዬ ከቦርሳዬ አይለይም፤ ከሥራ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም የምከናነበው እሱን ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ተከናንቦ ሲሳለም ባይታይ ይመረጥ ነበር። እኔ ግን እግዚአብሔር ይመስገን የከፋ ነገር አልገጠመኝም።

የሕክምና ኮሌጁ ረዳት መምህርት ነበርኩ። መንግሥት ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ላከኝ። ልጄ ትርንጎ ያኔ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ባለቤቴ አያሌው ዛሪማ ጤና ጣቢያ ስለሚሠራ እሷን ለእናቴ ትቼ ሄድኩ። እናቴ አልቅሳ አልሸኘችኝም። «ልጅቷን ለኔ ተያት፤ አንቺ ተምረሽ ነይ» ብቻ አለችኝ። ላደረገችልኝ ውለታ እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁለትም።

እዚያ የተማርኩትን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። ባጭሩ ልሞክር። በሰውነታችን ውስጥ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። አንድ ፕሮቲን ረጅም ክር ነው፤ ተጣጥፎ ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ምን እንደሚሠራ የሚታወቀውም ከቅርጹ ነው። ነገር ግን በማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም። ስለዚህ ፕሮቲኑን እንደ ጨው ቅንጣት ክሪስታል እንዲሆን እናሳድገዋለን፤ ራጅ እናሳልፍበታለን፤ ፊልም ላይ ብዙ ነጠብጣብ ይወጣል። ከነጠብጣቦቹ ድምቀት ተነስተን ክሩ የት የት እንዳለ በሂሳብ እናወጣለን። ሂሳቡን ከፊልሙ ጋር እያስተያየን ደጋግመን እናጠራዋለን። በፊልሙ መሃል ያሉት ነጠብጣቦች ደማቅ ናቸው፤ ወደ ጠርዝ ሲሄዱ ይደበዝዛሉ፤ በመጨረሻ ከፊልሙ ግራጫ ጋር ይቀላቀላሉ። ጥቃቅኑን ነገር የሚያሳዩት የጠርዞቹ ናቸው። እነሱ የጠፉበት ቦታ የማየታችን ወሰን ነው። ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከተማውን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቤቱ ይለያል፣ መስኮቱ አይለይም። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉ ከነወሰኑ በዓለም ላሉ ተመራማሪዎች ሁሉ ወደተከፈተ መዝገብ ይገባል። ማንም አውጥቶ ሊያየው፣ መድኃኒት ሊያስብበት ይችላል። ስለዚህ እስከየት እንዳየህ መናገር እንደ ምስክርነት ቃል ነው።

ዛሬ ወጣቶቹ ይህን ሁሉ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ሲያሽከረክሩት አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። እኛ ግን በእጃችን ነበር የምንሥለው። ሂሳቡ ያወጣውን በቀለም ብዕር ጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ እንሥላለን። እያንዳንዱ ፕላስቲክ የፕሮቲኑ አንድ ስስ ቁራጭ ነው፤ ዳቦ ሲቆራረጥ እንደማለት። ነገሩ በርከት ያለበት ቦታ ላይ መስመሩ ክብ በክብ ላይ ይደጋገማል። ፕላስቲኮቹ ሲደራረቡና ከሥር ብርሃን ሲያገኙ ክሩ ይታያል። የመጀመሪያ ቀን ሲታየኝ አማተብኩ።

የኔ ክር አንድ ቦታ ላይ ተቋረጠ። ከወዲህም አለ፣ ከወዲያም አለ፤ መሃሉ ባዶ ነው። ጠርዝ ላይ ያሉትን፣ ይኑሩ አይኑሩ የማይለዩትን ነጠብጣቦች ጨምረን ስናሰላ በባዶው ላይ ጭረት የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። ስናወጣቸው ይጠፋል። ፕሮፌሰሬ ሽማግሌና ደግ ሰው ነበር። ለክረምት ዕረፍት ወደ ጎንደር ልመጣ ስነሳ ፕላስቲኮቹን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ክሩ በዚያ በኩል ማለፉ አይቀርም» አለኝ። «ጠርዞቹን ቆጥረሽ ብትሥይው እኔ አልቃወምሽም። ዘንድሮ ያልቃል፤ ዲግሪሽን ይዘሽ ለሁልጊዜው ትገቢያለሽ። አልሥለውም ካልሽ ሌላ ክሪስታል እናሳድጋለን፤ እሱ ሌላ አንድ ዓመት ነው። እናት ነሽ፣ አገርሽ ገብተሽ አስቢበት።»

ቤት ስደርስ ትርንጎ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ጉንጯ ሞልቷል፤ ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፤ የኮንጎ ጫማዋ አዲስ ነው። እናቴ «እናትሽ ናት፣ ሳሚያት» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጉልበቴን ሳመችና ተመልሳ ገባች። በማግስቱ ስትጠራኝ ሰማሁ። «እትዬ፣ ቁርስ ቀርቧል ትላለች እማዬ።» እማዬ እናቴ ናት። እኔ እትዬ ሆንኩ። እናቴ ልታርማት ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ልጅቷ ያየችውን ነው የተናገረችው።

የሠርጋችንን ፎቶ ከፍሬሙ አውጥቼ መስተዋቱን በሁለት ወንበር ላይ አጋደምኩት። ፕላስቲኮቹን በላዩ ደረደርኩ፤ እንዳይጣበቁም በየመሃላቸው የክብሪት ቀፎ አስገባሁ። ከሥር ለብርሃን ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ። ትርንጎ መጀመሪያ ከበሩ ሆና ነበር የምታየኝ። ቆይታ ቀረበች። «ምንድን ነው እትዬ?» «ክር ነው፤ የተጠቀለለ ክር።» «መርፌውስ?» «መርፌ የለውም።» ይህ አላሳመናትም። ከዚያ በኋላ ግን በሠራሁ ቁጥር እጇን ታጥባ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ትከሻዋ ክንዴን ሲነካኝ ሥራዬን አቆምና እንዳልነቃነቅ እጠነቀቃለሁ።

አያሌው ከዛሪማ መጣ። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በጭነት መኪና፣ ማሽላ ላይ ተቀምጦ ነው የወጣው፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። እግሩን ታጥቦ ሻይ ሲጠጣ ሁሉንም ነገርኩት።

«ክሩ በዚያ ማለፉ አይቀርም ብሎሻል አይደል?» አለ።

«ብሏል።»

«ታዲያ አሳልፊዋ።»

«በየት እንደሚያልፍ አላየሁም።»

«ማን ሊያይብሽ ነው አስካል? ካንቺና ከሽማግሌው በቀር ይህን ማን ያውቃል?»

የሻዩን ብርጭቆ ተቀበልኩት። እሱም ቀስ ብሎ፣ «ልጅቷ እትዬ ነው የምትልሽ» አለ። ልቤን ሊያቆስል ብሎ አልነበረም። እሱንም አሞት ነው። ወደ እናቴ ዞርኩ። «እኔ የምለው የለኝም» አለች፤ «ልጅቷ ደህና ናት።» ያን ሌሊት ብዕሩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ልጄ ናት፤ አንድ ዓመት ነው፤ አንዲት ጭረት ናት። እመቤቴን የለመንኳት ምን እንዲሆን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

ፍልሰታ ገባ። ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው። ትርንጎም ከሰፈሯ ልጆች ጋር እየተፎካከረች ጾመች፤ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ስትሄድ የእናቴን እጅ ይዛ ነው። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። በጾሙ መሃል አንድ ቀን ጠዋት የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ለአሰሳ መጡ። ያኔ በየቤቱ የሚደረግ ነው፤ መሣሪያና ወረቀት ይፈልጋሉ። ከመጡት አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ማሩ ነው።

«አንተ ማሩ፣ ጫማህን ጥረግ» አለችው እናቴ። «እዚህ ቤት ስታለቅስ አዝዬህ ነው ያደግከው።»

«እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ምነው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጭቃ ይዞ ይገባል?»

ማሩ ወጥቶ ጫማውን ጠርጎ ገባ። ሌላው፣ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ ከመስተዋቱ አጠገብ ደርሶ ቆሟል። ቀድሞ ወታደር ነበር። ፕላስቲኮቹን ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄ የተራራ ሥዕል ነው» አለ። «እንዲህ ክብ በክብ የተሣለ ካርታ ግንባር ላይ አይቻለሁ። ይሄ ስሜን ነው።» በዚያ ዘመን ስሜን ተራሮች ላይ ሽፍታም፣ ታጣቂም፣ ስሙን የማናውቀውም ሁሉ ነበር። የስሜንን ተራራ በፕላስቲክ ሥሎ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። እጁን ሲዘረጋ ትርንጎ መሃል ገባች። «የእትዬ ነው፤ ሳይታጠቡ አይነካም» አለችው። ሰውዬው እጁን ገልብጦ አየ፤ ማሩ ሳቁን ዋጠ። ፕላስቲኮቹን ግን ሰበሰቧቸው፤ እኔንም ተከተይን አሉኝ። እናቴ ነጠላዬን አልብሳ «እመብርሃን ትከተልሽ» አለችኝ።

የወሰዱኝ አንድ ሻምበል ዘንድ ነው። ፀጉሩ ገብስማ፣ ዓይኑ የደከመው ሰው ነበር። ፕላስቲኮቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳ ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ጓድ ሻምበል፣ የቧሂት ተራራ ሳይሆን አይቀርም» አለ ያመጣኝ ሰው።

«ቧሂት አየር ላይ ተንሳፍፎ ያውቃል?» አለው ሻምበሉ። «ና እየው። ይሄኛው ላይ ተራራ አለ። ከሥሩ ያለው ላይ ግን ምንም የለም። እግር የሌለው ተራራ በየትኛው አገር አየህ?» ሰውዬው አቀርቅሮ ወጣ። ሻምበሉ ወንበር ሰጠኝ። «ካርታ ሳነብ ነው የሸበትኩት» አለ። «ይሄ መሬት አይደለም። ምንድን ነው እህቴ?»

ለእናንተ ከላይ እንደነገርኳችሁ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ጣቱን በባዶው ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋስ ምነው ተውሽው?»

«አላየሁትማ።»

«ሲታይሽ ትጨርሺዋለሽ?»

ለማላውቀው ሰው ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፤ ጾሙም፣ ድካሙም ይሆናል። ብሥለው ዘንድሮ ለሁልጊዜው እንደምገባ፣ ባልሥለው ሌላ ዓመት እንደምሄድ ነገርኩት።

«ልጅ አለሽ?»

«አንዲት። አምስት ዓመቷ ነው።»

«ታውቅሻለች?»

«እትዬ ትለኛለች።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ወደ መስኮቱ ዞረ። «የኔ ትንሹ ‹ጋሼ› ነው የሚለኝ» አለ። «ግንባር ለግንባር ስዞር አደገ። ሙይውና ግቢ እህቴ። ሰው ሁሉ የማያየውን አየሁ እያለ በሚኖርበት አገር አንቺ አንዲት ጭረት ብትጨምሪ ምን ይጎዳል?» የተናገረው ከልቡ ነበር። የአያሌውን ቃል ከማላውቀው ሰው አፍ ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ልክ ናቸው ብዬ አሰብኩ። እሥለዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ የምፈርምበትን ቃል ጻፈና አነበበልኝ። ሥዕሉ ለትምህርት የተዘጋጀ መሆኑን፣ የአንድ ፕሮቲን የተሟላ ሥዕል መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። ብዕሩን ሰጠኝ። እጄ አልሄደም።

«‹የተሟላ› የሚለው ይውጣልኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«አልተሟላም።»

ቆጣ አለ። «ስሚኝ። እኔ ይህን ወደ ላይ ነው የምልከው። ያልተሟላ ነው ካልኩ የቀረው የት አለ ይሉኛል። ደብቃው ነው ይላሉ። ማታ ቤትሽ አታድሪም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ለአንዲት ቃል?»

«ጓድ ሻምበል፣ የቀረው የትም የለም። እኔ ዘንድም የለም። አላየሁትም፤ አየሁ ብዬ በዚህ ጾም አልፈርምም።»

የተናገርኩት ፈርቼ እንጂ ደፍሬ አይደለም። ሻምበሉ ብዕሩን ከእጄ ወሰደ። ወረቀቱን መለስ አድርጎ ‹የተሟላ› የሚለውን ሠረዘ። ከጎኑ፣ መሃሉን ያላየችው መሆኑን ገልጻለች፣ እኔም አይቼ አረጋግጫለሁ ብሎ ጻፈና ከኔ በፊት የራሱን ስም ፈረመበት። ከዚያ እኔ ፈረምኩ። «በዚህ የሚመጣ ነገር ካለ የሚመጣው በኔ ነው» አለ። «ሂጂ፣ ቅዳሴ ይድረስሽ።» ፕላስቲኮቹን ራሱ ጠቅልሎ በክር አሠረልኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። በጸሎቴ ግን ሳላነሳው የቀረሁበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ደጅ ስወጣ ዝናቡ ቆሟል። የነገሥታቱን ግንብ ይዤ ስወርድ አንድ ነገር ገባኝ። ለሻምበሉ ያልፈረምኩትን ለፕሮፌሰሩ ልፈርም አልችልም። ያን ጊዜ ነው አንዱ ዓመት ከእጄ የሄደው። መንገድ ላይ አለቀስኩ። ቤት ስደርስ ግን ዓይኔ ደርቆ ነበር።

አያሌው ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ገዝቶ መጣ። «እዚያ አገር ይበርዳል ብለሽኝ ነበር» ብሎ ጉልበቴ ላይ አኖረው። እኔም ሌላ አልጠየቅኩት። የፍልሰታ መጨረሻ ቀን ትርንጎ ስትቆርብ ደክሟት ነበርና በመልሱ እናቴ «እዘያት» ብላ ሰጠችኝ። እስከ ቤት በጀርባዬ ተኛች። ከብዳኝ ነበር። መንገዱ ቢረዝም ብዬ ተመኘሁ። መስከረም ሳይጠባ ሄድኩ።

አዲሶቹ ክሪስታሎች ለማደግ ብዙ ወራት ፈጁ። ሲያድጉ ግን ከቀድሞዎቹ የጠሩ ነበሩ፤ ነጠብጣቦቹ እስከ ፊልሙ ጠርዝ ደምቀው ታዩ። ደጋግመን አጠራነው። ቀድሞ እንደ ጉም የነበረው ሁሉ ተለየ። ባዶው ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ያ ጭረት የመሰለው ነገር ዱካውም የለም። ፕሮፌሰሬ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። «ያ ቁራጭ አርፎ አይቀመጥም» አለኝ። «ይወዛወዛል። በእያንዳንዱ ፕሮቲን ውስጥ በሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ስለዚህ የትም አይታይም። አምና ሥለነው ቢሆን በሌለበት አስረነው ነበር።» ወደ መዝገቡ ስንልከው ወሰኑን እንዳየነው ጻፍን፤ ከዚህ እስከዚህ ያለው አልታየም ብለን ጨመርን። እስከ ዛሬ እንደዚያው አለ። ወጣት ባልደረቦቼ አውጥተው አሳይተውኛል።

ተመልሼ ከገባሁ በኋላ እግዚአብሔር ብዙ ዘመን ሰጠኝ። እናቴን ጦሬ ቀበርኩ። ልጄን ድሬ፣ አራስ ጠይቄ፣ የልጅ ልጅ አዘልኩ። ትርንጎ ዛሬም እትዬ ነው የምትለኝ፤ ሆስፒታል ስትወስደኝ፣ በሰው ፊት ስትጠራኝ የማያውቁን እህቴ ትመስላቸዋለች፤ ደስ ይለኛል። ስለሆነው ሁሉ ተመስገን እላለሁ። ያ አንድ ዓመት ግን አለ። ፊደል የቆጠረችበት፣ ኩፍኝ ይዟት የተረፈችበት ዓመት ነው። እናቴ አንድ ዓይነት ትናገረው ነበር፣ አያሌው ሌላ ዓይነት ይናገረዋል። የሁለቱን አዳምሬ የራሴ ትዝታ ላደርገው ብዙ ጊዜ ከጅሎኛል።

ደብተሩን የገዛሁላት የልጅ ልጄ በቀደም የፊት ጥርሷ ተነቀነቀ። ሲወልቅ ጣራ ላይ መወርወሩን ጓደኞቿ ነግረዋታል። ጭኔ ላይ ተቀምጣ በምላሷ እየነካካችው፣ «አያቴ፣ የእማዬ ጥርስ መጀመሪያ ሲወልቅ አልቅሳ ነበር?» አለችኝ።

«አላየሁም» አልኳት። «ሂጂ አያትሽን ጠይቂው። ያኔ እሱ ነው የነበረው።»